ውለታና ደም፤ ስለ ቻይና የጎራዴ ልብ ወለድ

በሐዋሳ ከተማ ያደገ የእኛ ዕድሜ ሰው የቻይናን ጎራዴ መዛዦች ሳያውቃቸው አይቀርም። ያወቃቸው ግን በመጽሐፍ አይደለም፤ በቪዲዮ ቤት ነው እንጂ። በመናኸሪያው አካባቢ በቆርቆሮ በተከደኑት፤ መስኮታቸው በጥቁር ጨርቅ በተሸፈነው ክፍሎች ውስጥ፤ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቀን ተቀምጠን፤ ሰው በቤት ጣራ ላይ ሲሮጥ፤ ሴት ልጅ በቀርከሃ ጫፍ ላይ ቆማ ጎራዴ ስትመዝ አይተናል። ነገሩን በአማርኛ የሚነግረን ተርጓሚ አንድ ብቻ ነበር። ሽማግሌውንም፤ ልጃገረዲቱንም፤ ንጉሡንም በዚያው በአንድ ድምፁ ይናገርላቸው ነበር። ዛሬ ፊልሙ ሁሉ ወደ ስልክና ወደ ፍላሽ ስለ ገባ ቪዲዮ ቤቱ የቀድሞ ግርማው የለውም፤ ትዝታው ግን ከእኛ ጋራ አለ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚያን ፊልሞች ማመስገን ወይም መንቀፍ አይደለም። ከፊልሞቹ በስተ ኋላ ያለውን የጽሑፍ ሀብት፤ ማለት ቻይናውያን «ዉሺያ» ብለው የሚጠሩትን ልብ ወለድ መመርመር ነው። ስሙ ከሁለት ቃል የተገጠመ ነው። «ዉ» የውጊያ ጥበብ ነው፤ «ሺያ» ደግሞ የተበደለ ሲያይ ዝም የማይል፤ የሰጠውን ቃል በሕይወቱም ቢሆን የሚከፍል ሰው ነው። በእኛ አገር የታወቀው የፊተኛው ግማሽ ብቻ ነው። ያ የቪዲዮ ቤት ተርጓሚ፤ ጨዋታ ዐዋቂነቱን ማንም ባይክደውም፤ ረጅም ንግግር ባጋጠመው ቍጥር «የአባቱን ደም ሊመልስ መጣ» ብሎ ያሳጥረው ነበር። ሰውየው የመጣው ደም ሊመልስ ይሁን፤ የተዋለለትን ሊከፍል ይሁን፤ ወይም ሁለቱ ተጋጭተውበት መሄጃ አጥቶ ይሁን፤ ለእኛ ሁሉም ደም መመለስ ነበር።

ነገሩ የመዝናኛ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት ነበር። ነገር ግን ደም መመለስ በአገራችን የልብ ወለድ ነገር አይደለም። ደመኛ ያለበት ሰው ገበያ ሳይወጣ፤ የዘመዱን ለቅሶ ሳይደርስ ዓመታት ያሳልፋል። ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀነው መካከል አንዱ ወደ ሐዋሳ የመጣው በልጅነቱ ነው፤ አባቱ በዚሁ ምክንያት መሬቱን ጥሎ ሲወጣ ታዝሎ መጣ። ስለዚህ ስለ ደም የሚናገር መጽሐፍ ከየትም አገር ይምጣ ከየት፤ ምን እንደሚል በትክክል ማወቅ እንፈልጋለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፤ «ዓ. ም.» ብለን ካላመለከትን በቀር፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የዉሺያን ሥር የሚፈልግ ሰው ከልብ ወለዱ በፊት የታሪክ መጽሐፍ መግለጥ አለበት። ከክርስቶስ ልደት በፊት 100 ዓመት ገደማ የነበረው ሲማ ቺየን በ130 ምዕራፍ በከፈለው ታላቅ የታሪክ መጽሐፉ ውስጥ፤ ለነገሥታቱና ለጦር አለቆቹ ቦታ እንደ ሰጠ ሁሉ፤ 124ኛውን ምዕራፍ ለነዚህ ሰዎች ሰጥቷል። ከእርሱ በፊት የነበረው የሕግ ፈላስፋ ሃን ፌይ ግን ጎራዴ ታጣቂዎቹን ከመንግሥት ተባዮች ጋራ ቈጥሯቸው ነበር። ሲማ ቺየን ስለ ምን አከበራቸው? እርሱ ራሱ ተሸንፎ ለተማረከ አንድ የጦር አለቃ በመናገሩ ተፈርዶበት የተሰለበ ሰው ነው። በዚያ ቀን ከወዳጆቹ አንድ እንኳ አፉን ከፍቶ አልተናገረለትም። ለማያውቁት ሰው ሲሉ ራሳቸውን አሳልፈው የሚሰጡትን ሰዎች እንዲህ ያለ ሰው ቢያከብራቸው አያስደንቅም።

በዚያ ምዕራፍ ከተጻፉት ሁሉ የሚበልጠው የጉዎ ጂየ ታሪክ ነው። ጉዎ ጂየ ቁመቱ አጭር፤ መጠጥ የማይቀምስ፤ በወጣትነቱ ግን ቂመኛና ብዙ ሰው የገደለ ነበር። ዕድሜው ሲገፋ ጠባዩን ለወጠ። ከዕለታት አንድ ቀን የእኅቱ ልጅ በአጎቱ ስም ተመክቶ አንድን ሰው አልጠጣም ቢለው በግድ ሊያጠጣው ሲታገል፤ ሰውየው ተናዶ ጩቤ መዝዞ ገደለውና ሸሸ። እኅትዮዋም ወንድሟን ልታሳፍር ብላ የልጇን ሬሳ ሳትቀብር በመንገድ ላይ ጣለችው። ጉዎ ጂየ ሰው ልኮ የገዳዩን መሸሸጊያ ዐወቀ። ገዳዩም ማምለጫ እንደሌለው ባየ ጊዜ ራሱ መጥቶ የሆነውን እንደ ሆነ ነገረው። ጉዎ ጂየ ከሰማ በኋላ ጥፋቱ የእኅቱ ልጅ መሆኑን ተቀብሎ ሰውየውን በሰላም አሰናበተው፤ ሬሳውንም አንሥቶ ቀበረ።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ አንድም ጎራዴ አልተመዘዘም። የቪዲዮ ቤቱ ተመልካች ቢሆን «ተጭበረበርን፤ ገንዘባችን ይመለስልን» ይል ነበር። ሲማ ቺየን ግን የሰውየው ስም የገነነው ከዚህ የተነሣ መሆኑን ይነግረናል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይልቅ ይደንቃል። በሉዎያንግ ከተማ ደም የተቃቡ ሰዎች ነበሩ። የከተማው ታላላቅ ሰዎች ደጋግመው ሽምግልና ቢገቡ እርቁ እንቢ አለ። ጉዎ ጂየ በሌሊት ገብቶ ባለጋራዎቹን አነጋገረ፤ እነርሱም ለእርሱ ሲሉ እሺ አሉ። ጉዎ ጂየም እኔ የሌላ አገር ሰው ሆኜ የከተማችሁን ሽማግሌዎች ክብር እንዴት እነጥቃለሁ ብሎ፤ እርሱ ከሄደ በኋላ የከተማው ሽማግሌዎች እንደገና እስኪመጡ ጠብቀው በእነርሱ እጅ እንዲታረቁ ለመናቸውና ማንም ሳያየው በዚያው ሌሊት ወጣ።

ይህን ያነበብነው በርተን ዋትሰን በ1961 ባሳተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ከመካከላችን የሲዳማ ተወላጅ የሆነው ጓደኛችን ገጹን አንብቦ ሲጨርስ፤ «ይህማ የሶንጎ ሽማግሌ ነው፤ ጎራዴውን ማን አስታጠቀው?» አለ። ነገሩን እንደ ቀልድ ተቀብለን ሥቀን ነበር፤ ኋላ ግን ደጋግመን ስናስበው ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን እርሱ ነው። በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ፤ በሶንጎ፤ ነገር ከመቈረጡ በፊት «አፊኒ» ይባላል፤ ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። ሁሉም ሳይሰማና ሳይሰማለት ፍርድ የለም። ጉዎ ጂየ የእኅቱን ልጅ ገዳይ ያሰናበተው ይቅር ባይ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ሰማ፤ ከሰማ በኋላ ደግሞ ጥፋቱ በገዛ ወገኑ ላይ ሲወድቅ አልሸሸም።

የጉዎ ጂየን ፍጻሜ ሳንናገር ብናልፍ ታሪኩን ማሳመር ይሆንብናል። አንድ የተማረ ሰው ጉዎ ጂየን ሰደበ። ከደጋፊዎቹ አንዱ ያንን ሰው ገደለና ምላሱን ቈረጠ። ጉዎ ጂየ ይህን አላዘዘም፤ ማን እንዳደረገውም አላወቀም፤ መርማሪዎቹም በደል አላገኙበትም። የንጉሡ አማካሪ ጎንግሱን ሆንግ ግን ሳያውቅ በስሙ ሰው መሞቱ ዐውቆ ከመግደሉ የከፋ ነው ብሎ ፈረደበት፤ ከነቤተ ሰቡም ተገደለ። እኛ በዚህ ፍርድ ላይ አልተስማማንም። ከመካከላችን ሕግ የሚያጠኑት አማካሪውን ደግፈዋል፤ ስሙ ብቻውን ሰው የሚገድል ግለሰብ ያለበት አገር መንግሥት አለው ሊባል አይቻልም ይላሉ። የቀረነው ግን የአንድን ሰው ጥፋት በዘሩ ሁሉ ላይ የሚያወርድ መንግሥት ራሱ ደመኛ እንጂ ዳኛ አይደለም እንላለን።

ከታሪክ ወደ ልብ ወለድ ስንሻገር በመጀመሪያ የምናገኘው «ሹዊ ሁ ዥዋን» የተባለውን ነው፤ በአማርኛ «የውኃው ዳርቻ» ብንለው ይሆናል። በረግረግ በተከበበ ተራራ ላይ የተሰበሰቡ የ108 ሽፍቶች ታሪክ ነው። ፐርል በክ በ1933 ወደ እንግሊዝኛ መልሳዋለች። ሸፍቶ ያደረ አያት ወይም ቅድመ አያት የሌለው ኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ ጥቂት ስለ ሆነ ይህን መጽሐፍ ለማንበብ መቅድም አያስፈልገንም። ሊን ቾንግ የተባለው የጦር አስተማሪ ሚስቱን በተመኘበት የባለሥልጣን ልጅ ምክንያት በሐሰት ተከሶ እንዴት ወደ ጫካ እንደ ገባ ስናነብ፤ «ዱር ቤቴ» ብሎ የወጣ የገዛ አገራችን ሰው የሚተርክልን ይመስለናል።

ዉ ሶንግ ደግሞ ወንድሙን በመርዝ የገደሉበትን ሰዎች አስቀድሞ ምስክር ይዞ ለዳኛ ይከሳቸዋል። ዳኛው ጉቦ በልቶ ነገሩን ይጥልበታል። ከዚያ በኋላ ነው ጎረቤቶቹን ሰብስቦ፤ በር ዘግቶ፤ ቃላቸውን አስጽፎ፤ ደሙን የሚመልሰው፤ መልሶም እጁን ለመንግሥት ይሰጣል። እስከዚህ ድረስ ከእርሱ ጋራ ነን። ኋላ ግን ይኸው ሰው ሌሎች ጠላቶቹን ሲበቀል በቤቱ ያገኛቸውን አገልጋዮችና ሴቶች ጭምር ሲጨፈጭፍ ደራሲው ሳይዘገንነው ያልፋል። ሰዎች ይህን መጽሐፍ ሲያመሰግኑ ይህን ምዕራፍ አይጠቅሱትም፤ እኛ ግን እንጠቅሰዋለን። ደሙን ከመመለሱ በፊት ምስክር የሰማው ዉ ሶንግና ማንንም ሳይጠይቅ የፈጀው ዉ ሶንግ አንድ ሰው ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ምዕራፍ ብቻ ነው።

መጽሐፉ በአንድ ሌላ ነገርም ከእኛ ታሪክ ጋራ ይገናኛል። የሽፍቶቹ አለቃ ሶንግ ጂያንግ ሁልጊዜ የሚናፍቀው የንጉሥን ምሕረት ነው። በረጅሙ ቅጂ ምሕረቱን ያገኛል፤ ከነሰዎቹ ገብቶ ለንጉሡ ይዋጋል፤ አብዛኞቹም በዘመቻ ያልቃሉ፤ እርሱም በመጨረሻ በመርዝ ይሞታል። በ1641 የወጣው የሃያሲው ጂን ሼንግታን ቅጂ ግን ከመግባታቸው በፊት ያለውን ብቻ አስቀርቶ የኋለኛውን ቈርጦ ጣለው። ሸፍቶ ሹመት መጠየቅ በእኛ ዘንድ የታወቀ መንገድ ነበር፤ የቋራው ካሣ ሸፍቶ ራሱ በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ እስከ መንገሥ ደርሷል። እኛ ረጅሙን ቅጂ እንመርጣለን፤ የሽፍታ ታሪክ መግባቱን ካልነገሩት ግማሽ ነውና።

አሁን ወደ ዘመናዊው ዉሺያ እንምጣ። በ1920ዎቹ በሻንግሃይ ጋዜጦችና መጽሔቶች ይወጣ የነበረው በአስማትና በበረራ የተሞላ ነው፤ በ1928 በጀመረው «የቀይ ሎተስ ገዳም መቃጠል» በተባለው ተከታታይ ፊልም ጊዜ ጭፈራው ከልክ ስላለፈ መንግሥት ከልክሎታል። በዚህ ላይ ጊዜ አናጠፋም። ትልቁ ነገር የተሠራው በሆንግ ኮንግ ነው። በ1954 ሊያንግ ዩሼንግ፤ በ1955 ደግሞ ጂን ዮንግ በዕለታዊ ጋዜጣ በተከታታይ መጻፍ ጀመሩ። ጂን ዮንግ (ከ1924 እስከ 2018 የኖረ) ጋዜጠኛ ነው፤ በ1959 «ሚንግ ፓዎ» የተባለውን ጋዜጣ መሥርቷል። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ርእስ በአማርኛ ሲፈታ «የመጽሐፍና የጎራዴ፤ የውለታና የቂም ታሪክ» የሚል ነው። የዚህን ርእስ ሁለተኛ ግማሽ ለመተርጐም አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብንም። ለእንግሊዝኛው ተርጓሚ «ውለታ» ምን ያህል አስጨናቂ ቃል እንደ ሆነ ስናስብ፤ አማርኛ ለዚህ ልብ ወለድ የተፈጠረ ቋንቋ ይመስለናል።

ከሥራዎቹ ሁሉ በሰፊው የተነበበው ከ1957 እስከ 1959 በጋዜጣ የወጣው የንስር ዐዳኞቹ ጀግኖች ታሪክ ነው፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም ከ2018 እስከ 2021 በአራት ቅጽ ታትሟል። ጉዎ ጂንግ የተባለው ልጅ አባቱ በወታደሮች ተገድሎበት፤ እናቱ ተማርካ ስትወሰድ አምልጣ በሞንጎልያ በረዶ ላይ ትወልደዋለች። ሰባት የጦር ጥበብ ዐዋቂዎች ከአንድ መነኵሴ ጋራ ውርርድ ስለ ገቡ ይህን ልጅ ፍለጋ ይወጣሉ። ስድስት ዓመት ፈልገው ያገኙታል፤ ከዚያም ያንን ልጅ እያስተማሩ በባዕድ አገር ሜዳ ላይ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ልጁም ጎበዝ አይደለም፤ ነገር የማይገባው ደነዝ ነው! በአንድ ቀን የተሰጠ ቃል የሰባት ሰው ዕድሜ ሲበላ፤ አንዳቸውም ግን «ለምን ቃል ሰጠን» ሳይሉ ሲቀሩ እናያለን። ይህ ክፍል በፊልም ሲሠራ አጥሮ በጥቂት ደቂቃ የሚያልፍ ነው፤ በመጽሐፉ ግን ልብ የሚነካው እርሱ ነው።

ጉዎ ጂንግ አድጎ ሲወጣ በአንድ ምግብ ቤት በር ላይ የቆሸሸ ለማኝ ልጅ ያገኛል። ይጋብዘዋል፤ ልጁ ከምግብ ምግብ እያማረጠ ብዙ ገንዘብ ያስከፍለዋል፤ እርሱ ግን አይቈጭም፤ የገዛ ካባውንና ፈረሱን ጭምር ይሰጠዋል። ለማኙ ኋንግ ሮንግ የተባለች ብልህ ልጃገረድ መሆኗን ገና አያውቅም። ፍቅራቸው የተመሠረተው በዚህ ውለታ ላይ ነው። ከዚያም ደም ይመጣል። ከሰባቱ መምህራን አምስቱ በኋንግ ሮንግ አባት ደሴት ላይ ተገድለው ይገኛሉ፤ ምልክቱ ሁሉ የልጅቱን አባት ያመለክታል። ጉዎ ጂንግ ሳይጠይቅ ያምናል። የተረፈው ዐይነ ስውሩ መምህር ኬ ዠንኧ ከእርሱ ይልቅ አጥብቆ ያምናል። ኋንግ ሮንግ ብትለምን፤ ብታለቅስ የሚሰማት የለም። በመጨረሻ ራሷን ለአደጋ አሳልፋ ሰጥታ፤ እውነተኞቹን ገዳዮች ኡያንግ ፌንግንና ያንግ ካንግን በአንድ ፈራርሶ በቀረ መቅደስ ውስጥ በነገር እየመራች ታናግራቸዋለች፤ ዐይነ ስውሩም ሽማግሌ በዚያው ሆኖ ሁሉን ይሰማል።

የደራሲውን ብልሃት የምናደንቀው እዚህ ላይ ነው። ዐይን ያላቸው ሁሉ በምልክት ሲፈርዱ፤ ዐይን የሌለው በጆሮው እውነቱን አገኘ። ኋንግ ሮንግ ያደረገችው «አፊኒ» እንጂ ሌላ አይደለም። በሚቀጥለው መጽሐፍ፤ ከ1959 እስከ 1961 በወጣው፤ የዚያው የያንግ ካንግ ልጅ ያንግ ጉዎ አድጎ ጉዎ ጂንግን ሊገድል ይመጣል። በአንድ አልጋ አጠገቡ ተኝቶ ሳለ ጩቤ በእጁ ይዞ ያመነታል፤ ሰውየው ከተማውን ከጠላት ለመከላከል ሲል ራሱን ሲሰጥ ባየ ጊዜም ይተወዋል። የአባቱን እውነተኛ ሥራ የሚነግረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ያው ዐይነ ስውር ኬ ዠንኧ ነው። አንድ ጊዜ ሳይሰማ ፈርዶ የነበረ ሰው አሁን አሰሚ ሆነ ማለት ነው። በጋዜጣ በየቀኑ የሚጻፍ ልብ ወለድ ይህን ያህል ዘመን ተሻግሮ የራሱን ክር ማስታወሱ የሚያስደንቅ ነው።

እንከን የለውም ማለታችን ግን አይደለም። የየቀኑ ጋዜጣ አንባቢን ለነገ ማስቀረት ስላለበት ሰው ሳይታሰብ በአንድ ቦታ የሚገጣጠመው ከልክ በላይ ነው። ጉዎ ጂንግ ቍስሉን ለማዳን በአንድ መንደር መጠጥ ቤት ውስጥ በተሰወረ ክፍል ሰባት ቀን ተዘግቶ ሲቀመጥ፤ በታሪኩ ያሉት ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ተራ በተራ ወደዚያች ትንሽ ቤት እየመጡ ምስጢራቸውን ያወራሉ። ይህ በቴያትር መድረክ ያምራል፤ በልብ ወለድ ግን ያስቃል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው። በታሪኩ ፍጻሜ በኋ ተራራ ላይ ለማኙ መምህር ሆንግ ቺጎንግ በዕድሜው 231 ሰው እንደ ገደለና አንዱም ያለ ጥፋቱ እንዳልሞተ ይናገራል። አንድ ወንጀለኛም ይህን ሰምቶ ያፍራል፤ ንስሓም ይገባል። ትዕይንቱ ግሩም ነው። ዳሩ ግን ያ 231 ሰው የተመረመረው በማን ሸንጎ ነው? ከሳሹም፤ ምስክሩም፤ ዳኛውም፤ ፈጻሚውም አንድ ሰው ነው። የደራሲው ልብ ከጉዎ ጂየ የወረሰውን መስማት በኋንግ ሮንግ በኩል እያስተማረን፤ በሆንግ ቺጎንግ በኩል ደግሞ የአንድ ሰው ሶንጎ አድርጎ ያፈርሰዋል። ሃን ፌይ ይህን ገጽ ቢያነብ «አላልኳችሁም?» ይል ነበር።

ጉዎ ጂንግ ግን በዚህ አይጸናም። ሰውን ለመግደል ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ጥበቡን ባልተማርሁት እያለ ሲጨነቅ እናየዋለን። በመጨረሻም ያሳደገው ጄንጊስ ካን ከእኔ የሚበልጥ ጀግና በዓለም ነበረን ብሎ ሲጠይቀው፤ ጀግና የሚባለው ለሕዝብ የሚጠቅም ነው እንጂ ብዙ የገደለ አይደለም ብሎ ይመልስለታል። ውለታ የዋለለትን፤ እንደ አባት የሆነለትን ሰው ፊት ለፊት እንዲህ ማለት ከጎራዴ ግጥሚያ ሁሉ ይከብዳል።

ወደ ገዛ ጽሑፋችን ስንመለስ ይህ ሁሉ እንግዳ እንዳልሆነ እናገኛለን። በ1908 በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ፤ «ጦቢያ» ተብሎ የሚታወቀው፤ የሚነሣው ከውለታ ነው። የተማረከውን አባት የማያውቀው ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። ልጁ ዋሕድ ያንን ነጋዴ ፈልጎ ውለታውን ሊመልስ ይወጣና ራሱ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። መንትያዋ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋራ ፍለጋ ትወጣለች፤ ወንድ መስላትም ሌላ ሴት ትወዳታለች። ኋንግ ሮንግ በለማኝ ልብስ ከመታየቷ 50 ዓመት ያህል በፊት መሆኑን ልብ ይሏል። አንዱ ከሌላው የወሰደ የለም። ውለታ እንደ ዕዳ በሚቈጠርበት አገር ደራሲ ሁሉ ወደዚህ መንገድ መድረሱ አይቀርም።

ከጦቢያ በኋላ ግን ይህ መንገድ በእኛ ዘንድ ብዙ ተከታይ አላገኘም። በ1958 ዓ. ም. በወጣው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ አበጀ በለው ገበሬዎቹን መርቶ ፊታውራሪ መሸሻን ሲማርክ አንድ እውነተኛ «ሺያ» አየን ብለን ነበር፤ በሀብትና በዘር የተመካውን ሰው በእጁ አስገብቶ ሳለ አንገቱን አይቀላውም። ይሁን እንጂ አበጀ ለጥቂት ገጽ ብቻ ብቅ ብሎ ያልፋል። ስለ እርሱ ብቻ የተጻፈ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ቢኖረን ምን ያህል ደስ ባለን!

አንድ ልዩነት ግን አለ። የእኛ ጀግና «ዘራፍ» ይላል፤ የገደለውን እየቈጠረ ይፎክራል፤ ፎክሮም ሹመት ወይም ሽልማት ይጠብቃል። የዉሺያው ታላቅ ሰው ግን ችሎታውን ይደብቃል፤ በምግብ ቤቱ ጥግ የተቀመጠው ለማኝ፤ ወይም መንገድ የሚጠርገው ሽማግሌ እርሱ ነው። እኛ በፉከራ የምናፍር አይደለንም፤ የቃል ግጥማችን ሀብት ነው። ይሁንና ጉዎ ጂየ የሉዎያንግን እርቅ በሌሊት ጨርሶ ስሙን ለሌሎች ትቶ መውጣቱን ስናስብ፤ እርቀ ደም የሚያወርዱ የአገራችን ሽማግሌዎች ስማቸው በአንድም ቀረርቶ ውስጥ አለመገኘቱ ትዝ ይለናል።

በ2008 ዓ. ም. በከተማችን የኢንዱስትሪ ፓርኩ በቻይና ሥራ ተቋራጭ ተሠርቶ ከተከፈተ ወዲህ ቻይናዊ በሐዋሳ ጎዳና ማየት ብርቅ አይደለም። ሕፃናቱ ዛሬም አንዱን ሲያዩ እግራቸውን እያነሡ የፊልሙን ርግጫ ያሳዩታል። ከመካከላችን አንዱ ይህን አይቶ ዐፈረና እንግሊዝኛ ለሚችል አንድ ቻይናዊ ሠራተኛ ስለ ጉዎ ጂንግ ጠየቀው። ሰውየው በአሞራ ገደል ዓሣ እየበላ ነበር፤ ሹካውን አስቀምጦ፤ ስሙን ሦስት ጊዜ አስደግሞ፤ በልጅነቱ እናቱ እንዳታይበት በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ደብቆ ያነበበው እንደ ነበረ ነገረው።

ስለ ጉዎ ጂየ የተጻፈውን ገጽ ወደ አማርኛ መመለስ ጀምረናል። ካስቸገሩን ቃላት አንዱ የዉሺያው ሰዎች የሚኖሩበት ዓለም መጠሪያ ነው፤ «ጂያንግሁ» ይሉታል፤ ፍቺው ወንዞችና ሐይቆች ማለት ነው። «ዱር» ብለን ነበር፤ ነገር ግን ጂያንግሁ ዱር አይደለም፤ መንገዱም፤ ገበያውም፤ የጀልባ መሻገሪያውም፤ መጠጥ ቤቱም ነው፤ ከመንግሥት ዐይን ውጭ ሆኖ የገዛ ሕግ ያለው። እንደ ቃሉ «ወንዝና ሐይቅ» ብለን ትተነዋል፤ የሐዋሳ አንባቢ ሐይቅ ሲባል አይጠፋበትም። የከበደን ግን «ሺያ» ራሱ ነው። «ጀግና» ብንለው ይፎክራል፤ «ሽፍታ» ብንለው ይዘርፋል፤ «ደም መላሽ» ያልነውን የመጀመሪያውን ረቂቅ ሰርዘነዋል። ያ ጓደኛችን «ዋስ» እንበለው ይላል፤ ለሌላ ሰው ራሱን የሚያሲዝ ነውና። ሌሎቻችን ደግሞ ዋስ ጎራዴ አይታጠቅም ብለን ተከራከርነው። እርሱም በጉዎ ጂየ ታሪክ ውስጥ ጎራዴው የት እንዳለ እንድናሳየው ጠየቀን። ክርክሩ ስላልተቈረጠ በረቂቁ ላይ ቃሉን ለጊዜው «ሺያ» እንዳለ ጽፈነዋል።